ሣሩን አይተን ሳህኑን ሳናይ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ግቢያቸው ውስጥ ያለው ውሻ አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ እንደ በግ ሣር ይግጣል። ከሥሩ «ይሄ ውሻ አበደ እንዴ? ላስረው ወይስ ልሽሸው?» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ አጠገብ ሦስት የሳቅ ስቲከር። ስቲከሩን አትዩት፤ ልጁ ፈርቷል።

አልፈርድበትም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ውሻ ከወትሮው የተለየ ነገር ካደረገ ቶሎ የሚለጠፍበት ስም «እብድ» ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ድንጋይ ነው። ሌላው ወገን ተረጋግቶ «ተወው፣ ሆዱን እያጠበ ነው» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ሣሩን እያዩ ዋናው ነገር አምልጧቸዋል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ለበሬ ነው። በውሻ ጊዜ ግን ሣሩን አይተን ገደሉን የማናየው እኛ ባለቤቶቹ ነን።

መጀመሪያ የሣሩን ጉዳይ እንጨርሰው።

ውሻ ሣር መብላቱ የተለመደ ነው። በጣም የተለመደ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች፣ ቤንጃሚን ሃርትና ባልደረቦቹ፣ ውሻቸው ተክል ሲበላ ያዩ ከ1,500 በላይ ባለቤቶችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ከነዚህ ባለቤቶች 68 በመቶው ውሻቸው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ይበላል አሉ። በብዛት የሚበላው ደግሞ ሣር ነው። ከመብላቱ በፊት አዘውትሮ የታመመ ይመስላል ያሉት ግን 8 በመቶ ብቻ ናቸው። ከበላ በኋላ አዘውትሮ ያስታውካል ያሉት 22 በመቶ።

እስቲ ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ እዩት። ውሻ ሣር የሚበላው ታሞ ለማስመለስ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ቀድሞ ታሞ መታየት፣ አብዛኛውም በልቶ ማስመለስ ነበረበት። እንደዛ አይደለም። እንዲያውም በዕድሜ ለጋ የሆኑት ከትልልቆቹ አብዝተው ይበላሉ፣ ታመው የሚታዩት ደግሞ ከትልልቆቹ ባነሰ። አንዳንዱ ውሻ አዎ፣ ሆዱን ሲረብሸው ሣር በጥድፊያ ውጦ ያስመልሳል፤ ይሄን ያየ ሰው አልዋሸም። ግን ከአምስቱ የአንዱን ታሪክ ለአምስቱም ማልበስ ነው።

ታዲያ ለምን ይበላል? ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ መልስ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ልማድ ነው የሚለው ነው። የዱር ተኩላም ሣር ይበላል፤ ዓይነ ምድሩ ሲመረመር ሣሩ ሳይፈጭ እንዳለ ይገኛል። ሃርት የሚያቀርበው ግምት የሣሩ ክሮች አንጀት ውስጥ ያለውን ትል እየጠረጉ ያወጣሉ የሚል ነው። ተረት እንዳይመስላችሁ፤ ታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ላይ ቺምፓንዚዎች ሻካራ ቅጠል አጣጥፈው ሳያኝኩ ሲውጡና ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲወጣ ታይቷል። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ የሚተኛው ውሻ ትል ባይኖርበትም ልማዱ አብሮት አለ። በዚያ ላይ ለምለም ሣር ይጣፍጠዋል፣ በቃ። ሁሉ ነገር ምክንያት ይኑረው ካልን እኛም ለምን ቆሎ እንደምንቆረጥም ማስረዳት ሊኖርብን ነው።

ሥጋ በል ስለሆነ ተክል አይነካም የሚለውን ደግሞ የራሳችን ቀይ ቀበሮ አፍርሶታል። ባሌ ተራሮች ላይ አይጥ እያደነ የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረው ይሄ እንስሳ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የደጋ አበባ እየዞረ የአበባ ማር ሲልስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ጽፈዋል። አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። የውሻ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ማንም አብዷል አላለውም።

ከስሙም ሳይቀር ሣርና ውሻ ይተዋወቃሉ። በየግቢያችን መሬት ለመሬት የሚሳበው ሰርዶ፣ ሳይንሳዊ ስሙ «ኪኖዶን» ይባላል። ከግሪክኛ ሲፈታ «የውሻ ጥርስ» ማለት ነው። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ስትል ውሻን ማማከር ነበረባት።

እሺ፣ ሣሩ ይሄው ነው። አሁን ወደ ሳህኑ።

እኔም ከጓደኛዬ የተሻልኩ አይደለሁም። ቡቺ የሚባል ውሻ አለኝ፤ አንዱ ጆሮው የቆመ አንዱ የወደቀ፣ ዘሩ የማይታወቅ የሰፈር ውሻ። ሣር ሲበላ ባየሁት ቁጥር ነጠላ ጫማዬን አውልቄ እወረውርበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ቢጫ አረፋ ያስታውካል፤ አረፋው ውስጥ ሣር አለ፤ ስለዚህ ያሳመመው ሣሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። በመጨረሻ ይዤው የሄድኩባት የእንስሳት ሐኪም ስለ ሣሩ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

«ስንት ሰዓት ነው የሚበላው?» አለችኝ።

«ማታ፣ እኛ ከበላን በኋላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በማግስቱ ማታ ነዋ።»

ዝም ብላ አየችኝ። ቀጥላ «የትል መድኃኒት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ወሰደ?» ስትለኝ ደግሞ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ያስረዳችኝ ቀላል ነገር ነው። ሆዱ ረጅም ሰዓት ባዶ ሲውልና ሲያድር ሐሞት ወደ ጨጓራው ተመልሶ ያቃጥለዋል፤ ቢጫው አረፋ እሱ ነው። ሣሩን የሚበላው ርቦትም ሊሆን ይችላል። ይሄን በኋላ ሳነብ አገኘሁት፦ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ውሾች ከምግብ በኋላ ይልቅ ከምግብ በፊት ብዙ ሣር እንደሚበሉ አሳይቷል። እኔ ለካ የራበውን ውሻ በጫማ ስመታ ነው የከረምኩት።

አሁን ያንኑ ምግብ ለሁለት ከፍዬ ጠዋትና ማታ እሰጠዋለሁ። ተጨማሪ ብር አላወጣሁም። ቢጫው አረፋ ጠፋ። ሣሩ ግን አልጠፋም፤ ቀነሰ እንጂ። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው፤ «በሦስት ቀን ሣር የሚያስተዋቸው ዘዴ» የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት።

ሳህኑ ውስጥ ያለውስ? አገራችን ውስጥ አብዛኛው ውሻ የሚበላው ቤተሰቡ የተረፈውን ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ከነቤተሰቡ በሽሮ ፍትፍት የሚጾም ውሻ አውቃለሁ፤ ሳይቆርብ የጾመ። እንጀራ ለውሻ መርዝ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ሰውነቱ ተለውጦ ከተኩላ ይልቅ የእህል ምግብ መፍጨት እንደቻለ እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ግን መፍጨት ቻለ ማለት በቃው ማለት አይደለም። የተቀቀለ እንቁላል፣ ከሥጋ ቤት የሚገኝ ርካሽ ቁርጥራጭ ቀቅሎ መጨመር ጾም አያስፈታም፤ የሚበላው እሱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን በጾሙ ሳይሆን በፍስኩ ነው። ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቃሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 300 ግራም ማለት ነው። የበዓል ድስት ጥራጊ ውስጥ ይሄ በቀላሉ ይገኛል። ምልክቱ ደግሞ ወዲያው አይመጣም፤ ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። በነዚያ ቀናት መሃል ሣር ሲግጥ ካያችሁት «ሣር በልቶ ታመመ» ነው የምትሉት። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ፤ እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ ከውሻው አልፎ እናንተን የሚነካ ነው። በጉ ይታረዳል፤ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል፤ «ይሄማ አይበላም» ይባልና ለውሻ ይወረወራል። ይሄን ስንቶቻችን አይተናል? ስንቶቻችንስ አድርገነዋል? ያ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ትል ዘር ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ሲገባ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም ትል ይሆናል፤ ውሻውን ብዙም አያመውም፤ እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ግቢው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ ልጅ እንቁላሉን ይውጣል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያድግና ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። መከላከያው ያን የውስጥ ዕቃ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻ መስጠት ካለባችሁም ከግማሽ ሰዓት በላይ ማፍላት ነው። ቅበሩት ካልኩ ደግሞ ጥልቅ አድርጋችሁ፤ ውሻ መቆፈር ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው የሣሩና የትሉ ነገር የሚገናኘው። «ሣር ትሉን ያወጣለታል» ብሎ መተው አይሠራም፤ ምክንያቱም ወስፋትም ሆነ ሌላ ትል የሚይዘው ከዚያው በዓይነ ምድር ከተበከለ ሣርና አፈር ነው። ሣሩ መድኃኒት ከሆነ መንገድም ነው። በሐኪም የታዘዘ የትል መድኃኒት፣ በተለምዶ በየሦስት ወሩ፣ ጥሬ የውስጥ ዕቃ ለሚያገኝ ውሻ ደግሞ ከዚያም በቶሎ ያስፈልጋል። ለኮሶ ትሉ የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ያለበት ነው፤ ቤት የተረፈ የሰው ኪኒን ግማሹን ቆርሶ መስጠት አይተካውም። የውሻ ዓይነ ምድር በየቀኑ ከግቢ ማንሳትም አለ። አዎ፣ በላስቲክ። አዎ፣ እናንተው።

ስለ ሰንሰለት ብዙ አልልም፤ ብዙ መባል ስለሌለበት። ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው፦ ይጮኻል፣ ይቆፍራል፣ አፉ የደረሰበትን ያኝካል። ሣር ካለ ሣር፣ ከሌለ ጫማ። ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ገዝቶ ኢንስታግራም ላይ ለመለጠፍ የማይሰስት ሰው ለግማሽ ሰዓት የማታ እግር ጉዞ ጊዜ የለኝም ሲል ይገርመኛል። ስክሪን ታይማችሁን አልጠይቅም።

አሁን ጓደኛዬ ወደ ጠየቀው ልመለስ፤ መቼ ነው መፍራት ያለብን?

እብድ ውሻ በሽታ ያለበት እንስሳ የማይበላ ነገር ሊበላ ይችላል፤ እንጨት፣ ድንጋይ፣ አፈር ይነክሳል። ግን ብቻውን አይመጣም። ጠባዩ ይለወጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ውሃ መዋጥ ያቅተዋል፣ ያለ ምክንያት ይነክሳል። ተረጋግቶ ሣር የሚግጥ፣ ስሙን ስትጠሩት ጭራውን የሚቆላ ውሻ ይሄ አይደለም። ጥርጣሬ ካለ አፉ ውስጥ እጅ አይገባም፤ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ «ትንሽ ነው የጫረኝ» አይባልም። ከሁሉ በፊት ደግሞ በየዓመቱ ክትባት አለ። ውሻችሁ መቼ እንደተከተበ በቃላችሁ ካላወቃችሁ ከሣሩ ይልቅ እሱ ያስፈራችሁ።

ሌላው የሚያስሮጠው ለውጡ ነው። ድሮ ሣር ነካ አድርጎ የሚያልፍ ውሻ በአንድ ቀን እንደ እብድ እየቀደደ መዋጥ ከጀመረ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ከከሳ፣ ሐኪም ይየው። ቡችላ ሆኖ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ፓርቮ ሊሆን ይችላልና ለነገ አይባልም። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ፣ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሊያስታውክ እየታገለ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ በሰዓታት ይገድላል። ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጉ።

ሣሩ ራሱ ንጹሕ ካልሆነስ? እውነተኛው የሣር አደጋ እሱ ነው። አረም ማጥፊያ የተረጨበት ግቢ፣ የተባይ መርዝ የነካው አጥር ሥር፣ ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ፣ ለባለቤት የለሽ ውሾች ተብሎ የተጣለ የተመረዘ ሥጋ። ከግቢ ተክሎች ጉሎና አስተናግር መርዛማ ናቸው። ውሻው ድንገት ከተንቀጠቀጠ፣ ለሃጩ ከጎረፈ፣ ከወደቀ፣ የበላውን ነገር ወይም የመርዙን ዕቃ ፎቶ አንስታችሁ ይዛችሁት ሂዱ። የአይጥ መርዝ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ሲበላ ካያችሁት ደህና መሰለ ብላችሁ አትጠብቁ።

«ወተት አጠጡት» ይባላል፤ ወተት መርዝ አያረክስም። ጨው በጥብጦ በግድ ማጠጣት ራሱ ይመርዛል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ይሄን ሁሉ ኮመንት ላይ የሚመክሩ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ውሻው የነሱ ስላልሆነ ነው። ስልካችሁ ውስጥ የፒዛ ቤት ቁጥር ካለ ቅርብ ያለ የእንስሳት ሐኪም ቁጥርም ቦታ አያጣም። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው።

ጤነኛ ሆኖ፣ ጠግቦ፣ ተንሸራሽሮ፣ የትል መድኃኒቱንም ወስዶ አሁንም ሣር የሚበላ ውሻ ካላችሁ መልካም፤ አንድ ነገር ሞክሩ። ትንሽ የተቀቀለ ዱባ ምግቡ ውስጥ ጨምሩለት፣ ወይም ካሮት ይቆርጥም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሣር እየበላ ሲያስታውክ የኖረ አንድ ፑድል አሰር የበዛበት ምግብ ሲጀምር እንደተወ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘግቧል። የአንድ ውሻ ታሪክ ነው፤ ለሁሉ አይሠራም፤ ግን ዱባ ማንንም አይጎዳም። መንገድ ላይ የማታውቁትን ሣር ሲያሸት ደግሞ «ተው» ብሎ ከመጎተት «ተው» ብሎ ቁራሽ ነገር መስጠት ቶሎ ይገባዋል።

ቡቺን በተመለከተ እናቴ የራሷን መፍትሔ አምጥታለች። ለጠላ ብቅል ስታበቅል የተረፋትን ገብስ አሮጌ ሳፋ ውስጥ አፈር ላይ በተነችው። በሳምንቱ ጣት የሚያህል ለምለም ሆነ። መድኃኒት ያልተረጨበት፣ ሌላ ውሻ ያልረገጠው። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ ወደ ሳፋው ሄዶ ሁለት ሦስት ዘለላ ይቀነጥስና ፀሐይ ላይ ይተኛል። ቪዲዮውን ለጓደኛዬ ላክሁለት። «የናንተው ደግሞ ገብስ ዘርቶ ነው የሚበላው?» ብሎ መለሰልኝ፤ ቀጥሎም የሐኪሟን ስልክ ጠየቀኝ።